በማን ቁና እንስፈር?

የማኅበራችን የፊልም ክፍል በዚህ መንፈቅ በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ማታ ሊያሳያቸው ላሰባቸው የልዕለ ኃያል ፊልሞች አንድ ደንብ ማርቀቁን ሰምተናል። ደንቡ አጭር ነው፤ ሮተን ቶሜቶስ በሚባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ላይ ከሐያስያን ከመቶ 80 ያላገኘ ፊልም በአዳራሻችን አይታይም ይላል። የተሰጠው ምክንያት ጊዜ ለመቆጠብ፣ ክርክር ለማስቀረትና «ጥራትን ለመጠበቅ» ነው። የክፍሉን አባሎች ድካም ማንም አይክድም። አዳራሽ የሚለምኑ፣ ፕሮጀክተር የሚዋሱ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሰደቡት እነሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ይህ ቁጥር ምን እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚሰፍረውና ለማን እንደ ተሰፈረ መጠየቅ ከተማሪ የሚጠበቅ ይመስለኛል።

ጉዳዩም የአንድ ክፍል ብቻ አይደለም። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ፊልም በፍላሽ የሚጭኑ ጠባብ ሱቆች አሉ። እዚያ የሚሰማው ጥያቄ «ስለ ምንድን ነው?» ወይም «ማን ሠራው?» መሆኑ ቀርቶ «ስንት አለው?» ሆኗል። ጫኙም ዝርዝሩን እያወረደ «ይኼ ስምንት ነጥብ አለው ወንድሜ፤ አትቆጭበትም» ይላል። በቴሌግራም ፊልም የሚያድሉትም ከርእሱ ቀጥለው የሚጽፉት ይህንኑ ቁጥር ነው። አንድ ፊልም ለማውረድ የአንድ ሁለት ጊጋባይት ዋጋ ለሚከፍል፣ ከጥናቱም አንድ ምሽት ለሚቀንስ ተማሪ ቁጥሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ የኪሱና የጊዜው ዳኛ ሆኗል። ዳኛ ከሆነ ደግሞ ሥልጣኑን ከየት እንዳገኘ መጠየቅ አለበት።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ መደናገር እናጥራ። በሱቁ የሚጠራው «ስምንት ነጥብ» የሐያስያን ነጥብ አይደለም። አይ ኤም ዲ ቢ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው ተመዝግቦ ከ1 እስከ 10 የሚሰጠው የተመልካች ድምፅ ነው። ሮተን ቶሜቶስ ግን በዋናነት የሐያስያንን ፍርድ ይሰበስባል። ስሙ «የበሰበሱ ቲማቲሞች» ማለት ሲሆን፣ ትርኢቱ ያልጣመው ታዳሚ በተዋናዩ ላይ ከሚወረውረው አትክልት የተወሰደ ነው። የተቋቋመው በ1998 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። አሠራሩም እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሂስ ወይ «ወድዷል» ወይ «አልወደደም» ተብሎ ይለያል፤ ከዚያም የወደዱት ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆኑ ይሰላል። ከ60 ጀምሮ ወደ ላይ ከሆነ ቀይ ቲማቲም፣ ከዚያ ካነሰ የተፈጠፈጠ አረንጓዴ ቲማቲም ይለጠፍበታል። ሦስተኛው ሜታክሪቲክ የሚባለው ነው፤ እሱ ሐያስያኑ የሰጡትን ነጥብ ራሱን ወስዶ፣ ለአንዳንዶቹ ከሌሎቹ ይልቅ ክብደት ሰጥቶ፣ አማካዩን ያወጣል። እንግዲህ ሦስቱ ሚዛኖች የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አይደለም። እኛ ግን ሦስቱንም «ነጥብ» እያልን በአንድ አቁማዳ እንከታቸዋለን።

የቲማቲሙ ሒሳብ ምን እንደሚሰውር ለማየት ከራሳችን የፈተና ወረቀት የተሻለ ምሳሌ የለም። አንድን ድርሰት አሥር መምህራን አርመው አሥሩም 60 ቢሰጡት፣ ሁሉም አሳልፈውታልና በቲማቲሙ አቆጣጠር 100 ያገኛል። ሌላውን ድርሰት ስምንቱ መምህራን 95 ሰጥተውት ሁለቱ ቢጥሉት ውጤቱ 80 ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከሁለቱ የትኛውን ማንበብ ትመርጣለህ? የመጀመሪያው ማንንም አላስቀየመም፤ ማንንም ግን ከወንበሩ ብድግ አላደረገም። ሁለተኛው አጣልቷል። የሚያጣላ ሥራ ሁልጊዜ መልካም ነው ማለቴ አይደለም፤ ቁጥሩ ሁለቱን ለይቶ ማሳየት አይችልም ማለቴ ነው።

ይህ ጉድለት ከሌላው ዓይነት ፊልም ይልቅ በልዕለ ኃያል ፊልም ላይ ይበረታል። በእንዲህ ያለ ፊልም ላይ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይፈስበታል። ያን ያህል ገንዘብ ያፈሰሰ ኩባንያ ቻይናዊውንም፣ ብራዚላዊውንም፣ የአሥር ዓመቱን ልጅም፣ አባቱንም ሳያስቀይም ገንዘቡን ማስመለስ አለበት። ስለዚህ ጠርዙ ሁሉ ተሞርዶ፣ ቀልዱ በልክ ተመትሮ፣ ጠቡ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ሰማይ ላይ እንዲያልቅ ተደርጎ ይወጣል። ሐያሲውም አይቶት «ደኅና ነው፤ አይከፋም» ይላል። «አይከፋም» ባዮች ሲደማመሩ ከመቶ 85 ይሆናሉ።

እውነተኛውን ምሳሌ እንይ። በ2015 የወጣው «አንት-ማን» በሮተን ቶሜቶስ ከመቶ 80 በላይ አለው። በ2019 የወጣው «ጆከር» ግን 70 እንኳ አልሞላም። ነገር ግን እዚያው ድረ ገጽ ላይ፣ ማንም የማያያት ትንሽ ቦታ ላይ፣ ሐያስያኑ ከ10 የሰጡት አማካይ ነጥብ አለ። በዚያ ቢሆን «ጆከር» ከ7 ከፍ ሲል «አንት-ማን» 7 አይደርስም። በእጅ ቆጠራ የተሸነፈው በማርክ አሸነፈ ማለት ነው። በዚህ ተደንቀን ወደ ሜታክሪቲክ ብንሄድ ደግሞ ነገሩ እንደገና ይገለበጣል፤ «አንት-ማን» 64፣ «ጆከር» 59። የቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ዳኞች በበኩላቸው «ጆከር»ን በዚያው በ2019 የወርቅ አንበሳ ሸለሙት። እንግዲህ የፊልም ክፍላችን ደንብ ቢጸድቅ ጉንዳን የሚያክለው ሰውዬ በክብር ይገባል፤ የቬኒስ ተሸላሚው ደጅ ይቀራል። ይህ ጸሐፊ «ጆከር»ን እጅግ ይወዳል ማለት አይደለም፤ ረዝሞብኛል፣ ሐዘኑም ተለጥጦብኛል። ሆኖም አርባ ሰው እስከ ሌሊት ሊከራከርበት የሚችል ፊልም እሱ ነው።

አሁን ደግሞ «ብላክ ፓንተር»ን ከ«ዘ ዳርክ ናይት» ጋር አስተያዩ። በሐያስያኑ ቆጠራ የ2018ቱ «ብላክ ፓንተር» 96፣ የ2008ቱ «ዘ ዳርክ ናይት» 94 ነው። በአይ ኤም ዲ ቢ የተመልካች ድምፅ ግን የኋለኛው ወደ 9 ሲጠጋ የፊተኛው ከ7 ብዙ አይርቅም። በሽሮ ሜዳው ሱቅ ሚዛን «ብላክ ፓንተር» መካከለኛ ፊልም ነው፤ በክፍላችን ደንብ ሚዛን ከባትማን ይበልጣል። ታዲያ ማንን እንመን? «ሐያሲ የሕዝብን ስሜት አያውቅም፤ የተመልካቹን ድምፅ እንመን» የሚል ብዙ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የተመልካች ድምፅ የሚባለውም የሚታለብ ላም ነው። «ብላክ ፓንተር» ገና ሳይታይ ነጥቡን ዝቅ ለማድረግ በፌስቡክ የተደራጁ ሰዎች ነበሩ፤ ፌስቡክ ገጻቸውን ዘጋው። በ2019 «ካፕቴን ማርቭል» ሊወጣ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ፊልሙን አንድም ሰው በሲኒማ ቤት ሳያየው፣ «ላየው እፈልጋለሁ» የሚለው የተመልካች ቁጥር በዘመቻ ወረደ። ከጠቡም ውስጥ የተዋናይቷ ሴትነትና ንግግሯ ነበረበት። ሮተን ቶሜቶስ በመጨረሻ ያንን ቁጥር ከገጹ አነሣው። ፊልሙ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ገባለት፤ ይህም ቢሆን መልካም ፊልም ነው ለማለት ማስረጃ አይሆንም። አያቶቻችን በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያ ሲኒማ ውስጡን ሳያዩ «ሰይጣን ቤት» ብለውት ነበር ይባላል። ሳያዩ መፍረድ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሆነው ፍርዱ በቁጥር ተጽፎ እንደ ሳይንስ መቅረቡ ነው።

ሚዛኑ የማን ነው የሚለውም ጥያቄ አለ። በ2017 «ጀስቲስ ሊግ» ሲወጣ ሮተን ቶሜቶስ ነጥቡን ለራሱ ትርኢት ብሎ ፊልሙ ሊወጣ አንድ ቀን እስኪቀረው ድረስ ይዞት ቆየ። በወቅቱ የፊልሙ ባለቤት ዋርነር ብራዘርስ በድረ ገጹ ባለቤት ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ነበረው። ለፊልሙ ብሎ አዘገየው የሚል ማረጋገጫ ባይቀርብም፣ ነጋዴውና ሰፋሪው ቁና ሲጋሩ ገዢው ዓይኑን ቢያፈጥ አይፈረድበትም። ከዚያም ቀደም ብሎ በ2001 ሶኒ ኩባንያ በማስታወቂያዎቹ ላይ ፊልሞቹን የሚያሞግስ ዴቪድ ማኒንግ የሚባል ሐያሲ ፈጥሮ መገኘቱ ተጋለጠ። እንዲህ ያለ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ኩባንያው በ2005 በስምምነት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደ። በ2023 ደግሞ ለልዕለ ኃያል ፊልም ባይሆንም፣ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ብዙም ለማይታወቁ ሐያስያን ገንዘብ እየከፈለ መልካም ሂስ በሮተን ቶሜቶስ እንዲገባ ያደርግ እንደ ነበር ኒው ዮርክ የተባለው መጽሔት ጻፈ።

ታዲያ ሐያስያንን እንተዋቸው? በፍጹም። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ አይደለም። ሐያስያኑ አንድ ላይ ሆነው ሲጮኹ ብዙ ጊዜ እሳት አለ። የ2004ቱ «ካትዉማን»፣ የ2015ቱ «ፋንታስቲክ ፎር»፣ የ2022ቱ «ሞርቢየስ»፣ የ2024ቱ «ማዳም ዌብ» ሁሉም ከመቶ 20 በታች የወደቁ ናቸው፤ ከነዚህ ሦስቱን በራሴ ጊጋባይት አይቻቸዋለሁ፣ ለሐያስያኑም ዕድሜ ይስጣቸው ብያለሁ። አጠገባችን ያለው ችግር ከ40 እስከ 90 ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። አብዛኛው የልዕለ ኃያል ፊልም የሚሰማራው እዚያ ነው፤ ቁጥሩም የሚያሳስተው እዚያ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ የሚረዳን የሐያሲው ምክንያት እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

ሮጀር ኢበርትን እንውሰድ። በ2013 የሞተ አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ ነበር፤ በ1975 በፊልም ሂስ የፑሊትዘር ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው ነው። በ2002 የወጣውን «ስፓይደር-ማን» ከአራት ኮከብ ሁለት ተኩል ብቻ ሰጠው። ቁጥሩን ብቻ ያየ «ሽማግሌው የወጣት ነገር አይገባውም» ብሎ ያልፋል። ጽሑፉን ያነበበ ግን ምክንያቱን ያገኛል፤ ጀግናው ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲወረወር አካሉ ክብደት ያለው አይመስልም፣ የካርቱን ሥዕል ይመስላል የሚል ነው። በ2004 ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ይኸው ሰው አራቱንም ኮከብ ሰጠ። እንግዲህ ጠቡ ከልዕለ ኃያል ጋር አልነበረም፤ ከአሠራሩ ጋር ነበር። ክብደት ለሌለው በረራ ግድ የሌለው ተመልካች የኢበርትን ሂስ አንብቦ፣ ኢበርትን አክብሮ፣ ፊልሙን ሊያይ ይችላል። እምነት ማለት ይህ ነው። የሐያሲውን ዓይን ካወቅህ ሲነቅፍም ይጠቅምሃል። ሦስት መቶ የማታውቃቸው ሰዎች በአንድ ጆንያ ተከትተው «84» ሲሉህ ግን ከማን ጋር ትነጋገራለህ?

ይህ ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ ከመቶ ይህን ያህል አይለውም። ዜማው የት እንደ ሰበረ፣ ሰሙ ከወርቁ የት ላይ እንዳልገጠመ ያሳየዋል፤ ከሠመረለትም ጉባኤው «ይበል!» ይላል። የዚያን ቤት ሥርዓት ያሳደገው ሕዝብ ልጆች ሆነን በሩቅ አገር ቲማቲም መተዳደራችን ያስቃል።

ወደ «ብላክ ፓንተር» ልመለስ፤ ነገሬ ያለው እዚያ ነውና። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2018 ባወጡት ጥናት፣ በ2017 ከፍተኛ ገቢ ባገኙ 100 ፊልሞች ላይ በሮተን ቶሜቶስ ከተመዘገቡት ሂሶች ከመቶ 78 ያህሉ የወንዶች፣ 82 ያህሉ የነጮች መሆናቸውን አሳይተዋል። ድረ ገጹም በዚያው ዓመት የአባልነት ደንቡን አሻሽሎ ሌሎችን ለማስገባት ሞከረ። እነዚህ ሐያስያን «ብላክ ፓንተር»ን ሲያመሰግኑ በአብዛኛው የተናገሩት ፊልሙ ለአሜሪካ ምን ማለት እንደ ሆነ ነው፤ አገራቸው ናትና አይነቀፉም። ፊልሙ ሦስት ኦስካር አግኝቷል፤ ከሦስቱ አንዱ ለሩት ካርተር የልብስ ሥራ ነው፤ ይገባታል። በሙዚቃው አልበም ላይ የኛው ልጅ አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊክንድ የሚባለው፣ አዚሟል፤ በዚህም ደረታችንን ነፍተናል።

ነገር ግን በንጉሡ ሸንጎ ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መካከል አረንጓዴ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከንፈሩ ላይ ገል ያደረገ ወንድ አለ። ያ ገል የሙርሲና የሱሪ ሕዝቦችን የሚያስታውስ ነው። በሙርሲና በሱሪ ዘንድ ግን የከንፈር ገል የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ይህን ለማወቅ ሐያሲ መሆን አያስፈልግም፤ ኢትዮጵያዊ መሆን ወይም የኢትዮጵያን ሕዝቦች ማወቅ ይበቃል። ታዲያ ይህ ነገር ክብር ነው ወይስ የገበያ ጌጥ? የሴቲቱ ጌጥ ወደ ወንዱ ሲዛወር ምን ተባለ? «ተረት ነው፤ ዋካንዳ ኢትዮጵያ አይደለችም፤ እንደ ፈለገ ያልብሰው» የሚል ይኖራል፤ ይህም ራሱን የቻለ መልስ ነው። ያልተገዛ የአፍሪካ መንግሥት የሚለው ሐሳብም ለአንድ የሃርለም ልጅ ሕልም ሲሆን፣ ዓድዋን በየዓመቱ ለሚያከብር የጉለሌ ልጅ ከፊሉ የታሪክ ትምህርት ነው። እሱ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለያል። እንዲህ ያለ መንግሥት በሩን ዘግቶ መቀመጡ አዋጣው ወይ? ጎረቤቱ ሲገዛ የት ነበር? 96 የሚለው ቁጥር ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አልያዘም። ሊይዝም አይችልም፤ ለኛ አልተሰፈረምና።

ከዚህ የሚብሰው ግን ቁናው ጨርሶ የማይሰፍረን መሆኑ ነው። ሮተን ቶሜቶስ ከመቶ ለማውጣት በቂ ሂስ በመረጣቸው ጋዜጦችና ሐያስያን ተጽፎ ማግኘት አለበት። በ1960ዎቹ የተሠራው የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» እንዲህ ያለ ነጥብ ከየት ያመጣል? በየዓመቱ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የሚታዩት የአማርኛ ፊልሞችስ? ደንቡ ዛሬ ለልዕለ ኃያል ፊልሞች ብቻ ነው ተብሏል። በ2018 ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል በሥዕላዊ መጽሔት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ነገ አንዱ የኛ ልጅ ጀምበርን ወይም እሱን የሚመስለውን በትንሽ ካሜራ ፊልም ቢያደርገው፣ የራሱ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ «ቲማቲም የለህም» ብሎ ሊመልሰው ነው?

ሌላም ነገር አለ፤ ጥቂቶች ብቻ የሚያስተውሉት። ይህ ከመቶ የሚባለው ነገር የሚጠቅመው ፊልሙ በወጣ በመጀመሪያው ዓርብ ውድ ቲኬት ሊገዛ ለቆመ ሰው ነው፤ ያ ሰው ሊያነብ ጊዜ የለውም፣ ቶሎ መወሰን አለበት። እኛ ዘንድ ፊልሙ የሚደርሰው ወራት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ዓመት ቆይቶ ነው። ድህነት የሰጠን አንድ ጥቅም ቢኖር ይህ መዘግየት ነው። የመጀመሪያው ቀን ጭብጨባና ዘመቻ ከበረደ በኋላ፣ ረጋ ብለው የተጻፉትን ሂሶች ሁለት ሦስቱን ማንበብ እንችላለን፤ አንዱን የወደደ፣ አንዱን የነቀፈ። ይህ የሚወስደው ሩብ ሰዓት ነው። ቸኩሎ ለሚገዛ የተሠራ መሣሪያ ሳንቸኩል ለምን እንታጠቃለን?

ስለዚህ ለፊልም ክፍሉ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከመቶ 80 የሚለው ቃል ከረቂቁ ይውጣ። በምትኩ እያንዳንዱን ፊልም ቀድመው ያዩ ሁለት ተማሪዎች፣ የተቻለ እንደ ሆነ የማይስማሙ፣ በየበኩላቸው ግማሽ ገጽ ጽፈው በስማቸው ይፈርሙ፤ ጽሑፉም ከማሳያው ሦስት ቀን በፊት በዚህ ጋዜጣ ይውጣ። የውጭ ሐያሲ ጠቅሰው ቢጽፉ መልካም፤ ግን ምክንያቱን ይጥቀሱ እንጂ ቁጥሩን አይጥቀሱ። «ይህ ሥራ ያበዛል» የሚል መልስ ከክፍሉ ደርሶኛል። በርግጥ ያበዛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊልሞች እኔና በዚህ ጉዳይ ከኔ ጋር የማይስማማው የዶርሜ ጓደኛ ለመጻፍ ፈቃደኞች ነን፤ እሱ «አንት-ማን»ን ይወዳል፣ ስለዚህ ጠብ አይጠፋም።

«ብላክ ፓንተር» በሦስተኛው ዓርብ ተመድቧል። ከኦሞ ሸለቆ አካባቢ የመጣችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ ስለዚያ አረንጓዴ ልብስ ስለ ለበሰው ሽማግሌ የምትሉት ካለ እስከ ማክሰኞ ድረስ ለፊልም ክፍሉ ስማችሁን ስጡ። ከማሳያው በፊት አሥር ደቂቃ ይሰጣችኋል ብለውኛል፤ እኔ ሃያ ጠይቄአለሁ።